ደረቱ አልገጥም ያለው ኮት

የዚያ ልብስ ስፌት ቤት ባለቤት ክፉ ሰው ነበር። ይህን አስቀድሞ መናገር ይሻላል፤ ኋላ ዓይኑ ሲፈዝና በዳበሳ ሲሄድ ያየ ሰው እንዳይራራለት። ሽማግሌ ሁሉ ደግ ነው ያለው ማን ነው? ክፉ ጎልማሳ ዕድሜ ከሰጠው ክፉ ሽማግሌ ይሆናል፤ ሌላ የሚሆነው ነገር የለም።

ቤቱ ከመንገዱ ሁለት ደረጃ ወርደው የሚገቡበት ጠባብ ክፍል ነው። ከፊት ሁለት የስፌት መኪናና አንድ የካውያ ጠረጴዛ፣ ከኋላ መጋረጃ፣ ከመጋረጃው ጀርባ ረጅሙ የመቁረጫ ጠረጴዛ። ከመጋረጃው ወዲህ ያሉት ይሰፋሉ፤ ወዲያ ገብቶ የሚቆርጠው ሽማግሌው ብቻ ነው። የሙያው ሰው ይህን ልዩነት ያውቀዋል። ሰፊ ቢሳሳት ይፈታል፣ እንደገና ይሰፋል። ቆራጭ ከተሳሳተ ግን ጨርቁ ሞተ። ስለዚህ ቆራጭ ጌታ ነው፤ የቀረው ሎሌ።

ሎሌዎቹ ሦስት ነበሩ። አንዱ ሱሪ ሰፊው ነው፤ ቀኑን ሙሉ ሱሪ ሲሰፋ ውሎ ለራሱ ጉልበቱ የተቀደደ ሱሪ የሚለብስ ሰው። ሁለተኛዋ ካውያ ላይ የቆመችው ሴት ናት፤ ተኳሿ ይሏታል፣ አንድም ቀን ጠመንጃ ይዛ አታውቅም። ሦስተኛዋ የሽማግሌው የሟች ታናሽ ወንድም ሚስት ናት። እሷን ደግሞ ደንበኛው ሳይቀር "ፍቺው" ብሎ ነበር የሚጠራት።

ስሙ የወጣላት እንዲህ ነው። ባሏ ሞቶባት፣ የአምስት ዓመት ልጅ ይዛ፣ ሥራ ፍለጋ እዚያ ቤት የገባች ዕለት ሽማግሌው አንድ ኪስ አሰፋት። አየና ወደ ፊቷ ወረወረው። "ፍቺው!" አላት። ፈታችው። እንደገና ሰፋችው። "ፍቺው!" ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ስታጣምም ፍቺው፣ ሳታጣምም ፍቺው፣ እሱ ሚስቱን ተቆጥቶ ከመጣም ፍቺው። ገበሩ እንዲቀየር፣ እንዲሰፋ ወይም እንዲጠብ የሚመጣ አሮጌ ኮት ሁሉ የእሷ ነበር። የሰው ላብና የኪስ ትቢያ እያሸተተች ክሩን አንድ በአንድ ትመዛለች። ማንም የማይፈልገው ሥራ ነው፤ ቅጣት ነው።

ሽማግሌው ያላሰበው አንድ ነገር ነበር። ኮት የሚፈታ ሰው የኮቱን ሆድ ዕቃ ያያል። የጎበጠ ሰው ጀርባ እንዴት እንደሚቆረጥ፣ አንዱ ትከሻ ከሌላው ዝቅ ሲል የቱ ጋ እንደሚደገፍ፣ ብብት ስንት ጣት መጎድጎድ እንዳለበት፣ ሁሉንም በጣቷ ታውቀው ጀመር። ያስተማራት የለም። ተቀጥታ ነው የተማረችው።

ግን ቆርጣ አታውቅም። ሽማግሌው "መቁረጥ ከእናት ሆድ ይዘውት የሚወጡት ነገር ነው" ይል ነበር፤ ማስረጃም ነበረው። ሁለት ሰው ሞክሮ ሁለቱም ጨርቅ አበላሽተዋል። የመጀመሪያው የገዛ ወንድሙ፣ የፍቺው ባል ነው። ከአስራ ስድስት ዓመት በፊት አንድ ኮት ቆርጦ ደረቱ አልገጥም አለ፤ ደንበኛ ፊት ተሰድቦ ወጣ። ከዚያ ወዲያ መጋዘን ውስጥ ጆንያ ተሸከመ፣ እስኪሞት መርፌ አልነካም። ሁለተኛዋ ተኳሿ ናት። ድሮ የቤቱ አንደኛ ኮት ሰፊ ነበረች። ከስድስት ዓመት በፊት ቁረጪ ተባለች፣ የእሷም ደረት አልገጠመም፤ ከዚያን ቀን ጀምሮ ካውያ ላይ ተተከለች። መኪናዋ አሁን ጆንያ ለብሶ ጥግ ላይ ነው።

የቤቱ ሌላ ሕግ ደግሞ ይህ ነበር፦ አንድ ሜትር ብቻ ነው ያለው። እሱም ሽማግሌው አንገት ላይ ይውላል። ሰፊዎቹ እሱ በሳሙና ያሰመረላቸውን መስመር ተከትለው ስለሚሰፉ ሜትር አያስፈልጋቸውም። ከመኖሪያ ቤቱ ሜትር ይዞ መጥቶ የተገኘ ሱሪ ሰፊ አንድ ጊዜ ሜትሩ በመቀስ ስምንት ቦታ ተቆራርጦለታል። "ሁለት ሜትር ያለበት ቤት ሁለት ጌታ አለው" ነበር ያለው ሽማግሌው፣ ቁርጥራጩን በእግሩ እየጠረገ።

እንዲህ እያለ ዓይኑን ሞራ ጋረደው። መጀመሪያ ደበቀ። የዳኛ ካባ ኮሌታ አጣሞ ቆርጦ የራሱን አውራ ጣት ሊጨምርበት ሲል ግን ሁሉም አየ። ሰኞ ጠዋት ከመጋረጃው ጀርባ ጮኸ።

"አንቺ! ፍቺው!"

"አቤት ጋሼ።"

"የጥርስ ሐኪሙን ኮት አንቺ ነሽ የምትቆርጪው። ልኩንም አንቺ ትወስጃለሽ። ከገጠመ ጠረጴዛው ያንቺ ነው። ካልገጠመ በወሩ መጨረሻ ቁልፉን ቤቱን አከራየኝ ላለኝ ስልክ ሻጭ ነው የምሰጠው፤ ሦስታችሁም መርፌያችሁን ይዛችሁ መንገድ ዳር ትቀመጣላችሁ።"

"ጋሼ፣ እኔ እኮ ቆርጬ አላውቅም።"

"ታዲያ እኔ ነኝ የማላውቀው? ከመጠምጠም መማር ይቅደም ሲባል አልሰማሽም? ዘጠኝ ዓመት ምን ስትማሪ ነበር፣ ክር መብላት?"

ይህን ብሎ ሜትሩን ከአንገቱ አወረደና በገዛ እጁ አንገቷ ላይ አጠለቀላት። ያን ያህል ዓመት ነክታው አታውቅም። ሱሪ ሰፊው አፉን ከፍቶ ቀረ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል፤ ፍቺው ግን የዚያን ዕለት ከደስታ ሌላ ነገር የምትጠረጥርበት ልብ አልነበራትም።

ጥርስ ሐኪሙ ውሎው የሰው አፍ ውስጥ በመቆፈር ስለሆነ ይሁን ወይም ከተፈጥሮው፣ ትዕግሥት የሚባል ነገር አልነካውም። ያመጣው ግራጫ የሱፍ ጨርቅ ለኮትና ለሱሪ የሚበቃ ነበር፤ ወንድሙ ከሩቅ አገር የላከለት፣ ሁለተኛ የማይገኝ። በሚቀጥለው ሳምንት ረቡዕ በሙያ ጓደኞቹ ፊት ቆሞ ንግግር ያደርጋል። ፍቺው ለካችው። ደረት፣ መቶ ስምንት። እጅጌ፣ ስልሳ ስድስት። ጻፈችው። ኮት ደረቱ በአራት ተከፍሎ ነው የሚቆረጥ፤ ሁለት ከፊት፣ ሁለት ከኋላ። መቶ ስምንት ለአራት ሃያ ሰባት። የስፌቱን ጨመረች፣ የመተንፈሻውን ጨመረች። አስር ጊዜ ለካ አንዴ ቁረጥ እንደሚባለው አስር ጊዜ ለካች። ሽማግሌው በርጩማ ላይ ተቀምጦ ዓይኑን ጨፍኖ የመቀሱን ድምፅ ያዳምጥ ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት ጥርስ ሐኪሙ ኮቱን ለበሰ። እጅጌው ልክ አንጓው ላይ አረፈ። ርዝመቱ ልክ። ከዚያ ቁልፉን ሊቆልፍ ሁለቱን ደረት ሳበ። አልተገናኙም። እንደገና ሳበ። ጀርባው ላይ አንድ ክር ጧ አለ።

"ይሄ የማን ነው?" አለ ጥርስ ሐኪሙ። "ለልጄ ነው የሰፋሽው?"

"ይቅርታ ዶክተር፣ እኔ..."

"ይቅርታሽን ልልበሰው? ጨርቄን ነው የምፈልገው!"

ሽማግሌው ከበርጩማው ተነሳ። በዳበሳ መጥቶ የሁለቱን ደረት ክፍተት በጣቶቹ ለካ፤ ፊቱ ላይ ደስታ ነበረበት፣ ይህን ፍቺው አየችው።

"አስራ ሁለት ሴንቲ" አለ። "የባልሽም አስራ ሁለት ነበር የጎደለው። የዚችም የካውያዋ አስራ ሁለት። ዘመድ ናችሁ እንዳልል ዘመድ አይደላችሁም። ድድብና ነው አንድ ያደረጋችሁ!" ከዚያ ወደ ጥርስ ሐኪሙ ዞሮ ድምፁን አለሰለሰ። "ማክሰኞ ይምጡ ዶክተር፣ እስከዚያ አንድ ነገር እናደርጋለን። አንቺ፣ ፍቺው!"

ተኳሿ ካውያውን እንደያዘች አንገቷን ደፋች። ሱሪ ሰፊው ሳል ያዘው። ፍቺው ግን ከስድቡ ውስጥ ስድቡን ትታ ቁጥሩን ሰማች። ዘጠኝ ዓመት ሲሰደብ የኖረ ጆሮ ይህን ይችላል። አስራ ሁለት፣ አስራ ሁለት፣ አስራ ሁለት። የማይችል ሰው አንዱ በአምስት ይስታል፣ አንዱ በሃያ ይስታል። ሦስት የተለያየ እጅ እንዴት አድርጎ እኩል ይሳሳታል?

እሁድ ቤቱ ዝግ ነው፤ ቁልፉ ግን ለጠረጋ እሷ ዘንድ ያድራል። ጠዋት ሄዳ በሩን ከውስጥ ቆለፈችና ኮቱን ፈታችው። ሒሳቧን አየች፤ ልክ ነው። የስፌቱን ስፋት አየች፤ ልክ ነው። ከዚያ ገበር እንዲቀየርለት የመጣ አንድ አሮጌ ኮት አወረደች፤ ሽማግሌው ዓይኑ ደህና በነበረ ጊዜ የቆረጠው ነው። የልኩ ወረቀት እዚያው ኪሱ ውስጥ ተሰፍቶ አለ፤ የቤቱ ልማድ ነው። በአጋጣሚ የዚያም ሰው ደረት መቶ ስምንት ነበር። ፈታችና ሜትሩን ዘረጋችበት። የስፌቱና የመተንፈሻው ሲቀነስ ሃያ ሰባት መሆን ያለበት ሠላሳ ሆኖ ተገኘ። ሌላውንም ለካች፤ ሠላሳ። አራቱም ቁራጭ ሦስት ሦስት ተርፏል። ሦስት በአራት አስራ ሁለት። እጅጌው ግን ወረቀቱ ላይ ካለው ጋር አንድ ነው።

ሽማግሌው ራሱ ወረቀቱን አያምንም ማለት ነው። ሰው የገዛ ሜትሩን የማያምነው ለምንድን ነው?

ቤቷ ድረስ በሩጫ ሄዳ የልጅዋን የትምህርት ቤት ማስመሪያ ይዛ ተመለሰች። ጫፍ ከጫፍ አገጠመች። ማስመሪያው አስር ያለበት ቦታ ላይ ሜትሩ አስራ አራት ይላል። የሜትሩ ጫፍ በናስ ቆብ የተሸፈነ ነው፤ ከቆቡ ቀጥሎ ያሉት ቁጥሮች በላብ ስለተበሉ ማንም ልብ ብሎ አያያቸውም፤ ደግሞስ የሚለካ ሰው መጨረሻውን እንጂ መጀመሪያውን መቼ ያነባል? ናሱ በክር ተሰፍቷል። ፈታችው። ሥሩ በመቀስ ተቆርጧል፤ የጠፋው አራት ሴንቲ ነው።

ነገሩ ሲገለጥ የሕፃን ጨዋታ ነበር። ይህ ሜትር ሰውየውን ሲለካ አራት ይጨምራል፤ ጨርቁ ላይ ሲዘረጋ አራት ይበላል። እጅጌ አንድ ጊዜ ይለካል፣ አንድ ጊዜ ይቆረጣል፤ የጨመረው በበላው ይካካሳል። ደረት ግን አንድ ጊዜ ተለክቶ በአራት ነው የሚቆረጥ፤ አንዴ ጨምሮ አራቴ ይበላል። ሽማግሌው መጀመሪያ አራት ቀንሶ፣ ለአራት ከፍሎ፣ መልሶ በየቁራጩ አራት ይጨምራል፤ በጭንቅላቱ፣ ከመጋረጃ ጀርባ። ምስጢሩን የማያውቅ ሁሉ ደረት ላይ ይወድቃል። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይህ ነው።

ያኔ ባሏን አሰበች። ልጃቸው የተወለደች ጊዜ አንዲት ትንሽ ቀሚስ ስፋላት ብላ ለምናው ነበር። "ተይ፣ እጄ ጨርቅ ያበላሻል" አላት። ቀልድ መስሏት ሳቀች። ቀልድ አልነበረም። ያ ሰው ደህና እጁን ይዞ፣ እርጉም እጅ አለኝ እያለ ጆንያ ተሸክሞ ሞተ። ፍቺው እዚያ ባዶ ቤት ውስጥ መሬት ላይ ተቀምጣ አለቀሰች፤ ከዚያ ተናደደች፤ ንዴቱ ከለቅሶው ስለበለጠ ተነሳች።

ሌላ ጨርቅ አሁንም የለም። የጠበበ ኮት ሊዘረጋ አይችልም። ግን እጅጌዎቹ ልክ ናቸው፣ እነሱን መልሳ መጠቀም ትችላለች። የሱሪው ጨርቅ ደግሞ ገና አልተቆረጠም፤ አራቱን የደረትና የጀርባ ቁራጭ ለማውጣት ከበቃ ይበቃል። ጥርስ ሐኪሙ ሱሪ ያጣል። ይጣ! ንግግር የሚደረገው በአፍ ነው።

ሰኞ ሽማግሌው ባለበት ዘረጋች። ናሱን እንደነበረ መልሳ ሰፍታው ነበር። ቁጥሩን ጮክ ብላ ተናገረች። "መቶ ስምንት። አራት ሲነሳለት መቶ አራት። ለአራት፣ ሃያ ስድስት። አራት ሲደመርበት ሠላሳ።" መቀሱ ጨርቁ ውስጥ ገባ። ሽማግሌው የተጨፈነ ዓይኑን ከፈተ። የሚያየው ነገር አልነበረም፤ የሰማው ግን በቃው። ቀኑን ሙሉ ውሃ እንኳ አልጠየቀም።

ማክሰኞ ጥርስ ሐኪሙ ለበሰ። ደረቱ ገጠመ። ተጎነበሰ፣ ክንዱን አነሳ፣ ተነፈሰ። "ሱሪዬስ?" አለ። ተነገረው። ጮኸ፣ ጠረጴዛ መታ፣ ዳግመኛ እዚህ ቤት እግሬ አይረግጥም አለ፤ ኮቱን ግን ሳያወልቅ ነው የወጣው።

በሩ ሲዘጋ ሽማግሌው ከመጋረጃው ጀርባ ጠራት።

"ማን ነገረሽ?"

"ማንም።"

"ውሸታም! ያልተነገረሽን ከየት አመጣሽው?"

"እርስዎ ነዎት የነገሩኝ። አስራ ሁለት ብለው።"

ሽማግሌው ሳቀ። "እኔን ጌታዬ ሦስት ሴንቲ ነበር የቆረጠብኝ። በአርባ ቀን ደረስኩበት። ማንም እጄን ይዞ አላሳየኝም። ያልፈለገ አያገኝም፤ የተሰጠው ሰው ደግሞ አያውቀውም። ታዲያ አንቺን ማን አስተማረሽ? እኔ ነኝ! በዱላም ቢሆን እኔ ነኝ!"

እውነት ነበረበት፤ ያንገበገባትም ይኸው ነው። ያን ሁሉ ኮት ባያስፈታት ይህን አታገኘውም ነበር። ግን ወንዝ የወሰደው ሰው ዋና ቢለምድ ወንዙን አያመሰግንም።

"ወንድምህስ?" አለች። አንቱታው ከአፏ ወድቆ ነበር፤ አላነሳችውም። "እሱም አልፈለገም?"

"እሱ አንድ ቀን ሞክሮ አለቀሰ። አልቃሻ ነበር።"

"ልጁ ስትወለድ ቀሚስ ስፋላት ብዬው እጄ ጨርቅ ያበላሻል አለኝ። እስኪሞት እጁን እንደፈራ ነው የሞተው። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም።"

ሽማግሌው ጉልበቱን አሻሸ። "ይሄን አላውቅም ነበር።"

"ብታውቅስ? ሜትሩን ትነግረው ነበር?"

ሊዋሽ ይችል ነበር፤ የሚከለክለው አልነበረም።

"አይ" አለ። "አልነግረውም ነበር። ከነገርኩት ጠረጴዛውን ይካፈለኛል።"

ፍቺው መጋረጃውን ያዘች። ሽማግሌው የመጋረጃውን ቀለበቶች ድምፅ ሰማና እጁን ዘረጋ፤ ድምፁ ለመጀመሪያ ጊዜ ለመነ።

"ተይ፣ ተይ የኔ ልጅ። ጠረጴዛው ያንቺ ነው፣ ሜትሩም ያንቺ ነው። ለማንም አትንገሪ። አንቺም ታረጃለሽ እኮ። ይሄን ይዘሽ ማንም ከዚህ ቦታ አያነቃንቅሽም።"

ልክ ነበር። ለአንዲት አፍታ ልቧ እሺ ሊል ዳዳው፤ የምታበላት ልጅ አላት፣ ጠረጴዛውም ጥሩ ጠረጴዛ ነው። ይህን አስባ በራሷ አፈረች። ከዚያ መጋረጃውን እስከ ጥግ ሳበችው።

"ኑ እስቲ" አለች። "ሁለታችሁም። ላሳያችሁ።"

ማስመሪያውን ከሜትሩ ጋር ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችና የናሱን ክር ፈታች። አስሩን ከአስራ አራቱ ጋር አሳየቻቸው። እጅጌው ለምን እንደሚገጥም፣ ደረቱ ለምን እንደማይገጥም፣ ቀስ ብላ፣ ሁለት ጊዜ አስረዳች። ሱሪ ሰፊው በመሃል ተሳደበ፤ የተሳደበውን እዚህ መጻፍ አይቻልም። ተኳሿ የተቆረጠውን ጫፍ በአውራ ጣቷ ስትደባብስ ቆየች፤ እዚያ ጣት ላይ የስድስት ዓመት የካውያ ጠባሳ ነበር። ከዚያ ጥግ ላይ ጆንያ የለበሰውን መኪናዋን አየች፣ ሽማግሌውንም አየች።

"እኔንም?" አለችው።

ሽማግሌው ተነስቶ ባርኔጣውን ይፈልግ ጀመር። ባርኔጣው እፊቱ ካለው ወንበር ላይ ነበር፤ እጁ ግድግዳውን፣ ምስማሩን፣ የጠረጴዛውን ጠርዝ ዳበሰ። ሦስቱም ቆመው አዩት። ማንም አላቀበለውም።